ከደባርቅ ወጥቶ አዲስ አበባ ያልገባው ኢሜይል

ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ፍርሃትን አውቀዋለሁ ይላል። እኔም እል ነበር። ዛሪማ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር መስኮት ዳር አልቀመጥም፤ ዓይኔን ጨፍኜ "አንተ ታውቃለህ" እያልኩ ነው የምወርደው። እውነተኛውን ፍርሃት ያየሁት ግን ገደል አፋፍ ላይ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ነው።

ያኔ ደባርቅ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። "ባለሙያ" ስላችሁ አትሳቱ፤ ጎንደር የስድስት ወር ኮርስ ወስጄ ነው የመጣሁት። ግን በመሥሪያ ቤታችን ኢንተርኔት ያላት ኮምፒውተር አንዲት ብቻ ስለነበረች፣ እሷን የሚነካው ደግሞ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ትንሽ ንጉሥ ሆኜ ነበር። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ "ይበልጣልን ጥሩት" ነው። ቫይረስ ሲገባም ይበልጣል። ሰው ሲያሞግሰኝ ደስ ይለኛል፤ ጉዱን ያፈላብኝም ይኸው አመሌ ነው።

ለምሳሌ ጸሐፊያችን "ይኸ ኮምፒውተር ደብዳቤ ላይ የፈረንጅ ቀን እየጻፈ አስቸገረኝ፤ ሁልጊዜ እያጠፋሁ ነው የምጽፈው" ብላ ስታማርር፣ "እሱ ምን ችግር አለው" ብዬ በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩላት። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤዎቻችን የአገራችንን ቀን ይዘው መውጣት ጀመሩ። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። በዚያው ሰሞን በኢሜይል የላክነው ሪፖርት አልደረሰም ተብለን ሁለት ጊዜ ተወቀስን፤ "ኔትወርክ ነው" ብለን አለፍነው። በዚያ ዘመን ደባርቅ ውስጥ ለጠፋ ነገር ሁሉ ተጠያቂው ኔትወርክ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከደባርቅ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች። ሰዎቹ ዛሬም ስላሉ የአጥቢያዋን ስም አልጠራም። እዚያ ብዙ ዘመን የኖረ የብራና ተአምረ ማርያም ነበር። ቅርስ ሊመዘገብ ነው ተብሎ ካሜራ ይዤ ስሄድ ካህናቱ "መጽሐፉ ፎቶ አይነሣም" ብለው ከለከሉኝ። ያግባቧቸው ቄሰ ገበዙ አባ አስረስ ናቸው። ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ ነው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው በሱ እጅ ነው። አባ አስረስ "ቢጠፋ በምን እናውቀዋለን? ይነሣ" አሉ። ጫማዬን አውልቄ፣ እጄን ሳላስጠጋ፣ እሳቸው ቅጠሉን እየገለጡልኝ ሃያ ሦስት ፎቶ አነሣሁ። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ግዝቱ አለ፤ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን" ይላል፤ የሰረቀው የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ከግዝቱ በታች ብራናው ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ሰባት ጥልፍ ነው፤ አባ አስረስ በጣታቸው እየቆጠሩ አሳይተውኛል።

በዓመቱ መጽሐፉ ጠፋ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አልተሰበረም።

አገሬው አውጫጭ ተቀመጠ። አውጫጭ ማለት ሌባው እስኪወጣ ሰው ሁሉ እየተነሣ ያየውን የሰማውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው። የሰበካ ጉባኤው ሰው አቶ መኳንንት ተነሡና "ፎቶ ያስነሣው ማነው? ዕቃ ፎቶ የሚነሣው ለገዢ ሊታይ ነው!" አሉ። ይኸ ቃል እሳት ሆነ። በማግሥቱ አባ አስረስ ከቅዳሴ ታገዱ። አርባ ዓመት መስቀል ያሳለሙት ሰው በመንገድ ሲያልፉ የሚሳለማቸው ጠፋ። ልጃቸው ደሳለኝ ጨነቅ በሚባል ቦታ የፓርክ ስካውት፣ ማለትም የዱር አራዊት ጠባቂ ነው፤ መሣሪያ ከትከሻው አይወርድም። እሱም "አባቴን ሌባ ያለ ሰው ዓመቱን አይደፍንም" ብሎ ምሏል መባሉን ሰማን። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ብሎ ከማለ ነገሩ የወሬ ነገር አይደለም።

እኔስ? ፎቶውን ያነሣሁት እኔ አይደለሁ? ደሳለኝ ሲምል አቶ መኳንንት ፈሩ፤ አቶ መኳንንት ሲናገሩ ደግሞ እኔ እፈራ ነበር። ከቢሮ ቤቴ ስገባ እንኳ ዞር ዞር ማለት ጀምሬ ነበር።

እንዲህ እያለ አንድ የገበያ ቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ የቢሮው ስልክ ጮኸ።

"ሰብለ እባላለሁ፤ ከአዲስ አበባ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ቅርስ እፈትሻለሁ" አለች አንዲት ሴት። "ከአንድ መንገደኛ ሻንጣ የብራና ተአምረ ማርያም አግኝተናል። መዝገብ ላይ እናንተ የጠፋባችሁ እንዳለና ፎቶ እንዳላችሁ አየሁ። እውነት ነው?"

"የመጨረሻው ቅጠል የተሰፋ ነው?" አልኳት።

"የተሰፋ ነው። ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ሰውየው አዲስ የተጻፈ ነው፣ ከሱቅ ገዛሁት ነው የሚለው። በረራው ዛሬ ማታ ነው። አጠገብ ላጠገብ የማስተያየው ፎቶ ካልመጣልኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እለቀዋለሁ። ጥልፉ በደንብ የሚታይ ይሁን።"

ነገሩ ገብቷችኋል። መጽሐፉ ከሄደ ሻጩን የሚያውቀው ሰው አብሮ ሄደ። ሻጩ ካልታወቀ አባ አስረስ እስከ መቃብራቸው ሌባ ናቸው። ደሳለኝም የማለው መሐላ አለ።

ወሬ በገበያ ቀን ክንፍ አለው። ፎቶዎቹን ካሉበት ሲዲ ገልብጬ ሳልጨርስ ግቢያችን በአገሬው ሰው ሞላ። አቶ መኳንንትና ዘመዶቻቸው በአንድ ወገን ግንብ ተደግፈው ቆሙ። ደሳለኝ በሌላው ወገን፣ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የቀሩት ጋቢ ለብሰዋል፤ በጋቢው ውስጥ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። አባ አስረስ ከሁሉም ርቀው ዛፍ ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። ኃላፊያችን ጎንደር ስብሰባ ሄደዋል። ዘበኛው "ይበልጣል፣ ይኸ ነገር አላማረኝም" አለኝና በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

ሃያ ሦስቱንም ፎቶ በአንድ ኢሜይል አያይዤ ላክሁ። የመላኪያዋ መስመር እንደ ኤሊ ትሄዳለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አየኋት። ልትሞላ ትንሽ ሲቀራት ቀጥ አለችና ቀይ ምልክት ብቅ አለ፤ መልእክቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ስለሆነ ተመልሷል ይላል። አንድ ሰዓቴን በላው።

ፎቶዎቹን አሳነስኳቸው። አሳንሼ የመጨረሻውን ቅጠል ስከፍተው ቀዩ ክር የለም! ሰባቱ ጥልፍ አንድ የደበዘዘ መስመር ሆኗል። ይኸን ብልክላት ለሰውየው ምስክር መሆኔ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ፎቶዎቹን ሳያሳንሱ፣ የሚያስፈልጉትን አምስቱን ብቻ መርጦ ለየብቻ መላክ ነበር። አንዱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አንደኛው ሄደ፤ "ተልኳል" አለኝ። ሁለተኛውም። በመስኮት የግቢውን ሰው አያለሁ፤ እነሱም እኔን ያያሉ። ጩኸት ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስተኛው ሲሄድ ተነሥቼ ወጣሁና በኩራት "ሄዷል! አምስቱም ሄዷል!" አልኳቸው።

ተመልሼ ሰብለ ጋ ደወልኩ።

"ኧረ ምንም አልደረሰኝም" አለች።

"ተልኳል እኮ ይላል!"

"ወንድሜ፣ ከላይ እስከ ታች እያየሁ ነው፤ ዛሬ ከደባርቅ የመጣ ነገር የለም።"

አድራሻዋን ፊደል በፊደል አስነበብኳት። ልክ ነው። ግዝቱ ያለበትን ቅጠል ደግሜ ላክሁ። "ተልኳል" አለ። ደወልኩ። የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አብርቼ፣ የስልክ ገመዱን ነቅዬ ሰክቼ፣ ሦስተኛ ላክሁ። "ተልኳል" አለ። የለም። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው። ፊደል ስጫን ሁለት ሁለት ይጻፋል።

አቶ መኳንንት በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። "ምነው ጃል፣ ሄደ አላልክም?"

"ሄዷል፤ እዚያ ነው አልደረሰም የሚሉት።"

"እኔስ ድሮም ብያለሁ" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "የሚላክ ቢኖራቸው አይደል የሚደርስ! ፎቶ አንሺውና ያስነሺው አንድ ናቸው።"

ይኸን ሲሉ የግቢው ሰው በሙሉ ወደኔ ዞረ። ሰው ሲፈራ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ይላል ይባላል፤ እኔ ግን ያሰብኩት በኔ ፈንታ ሌላ ሰው በዋጠልኝ ብዬ ነው። ምላሴ ከአእምሮዬ ቀደመችና በመስኮቱ ጮኽኩ፦

"እኔ ልኬያለሁ! ማረጋገጫው ይኸው! ያቺ ሴትዮ ናት የደበቀችው። ከሰውየው ጋር ተስማምታለች!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ደሳለኝ ከድንጋዩ ተነሥቶ መጣ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ "ስሟን ማን አልከኝ?" አለኝ።

"ሰብለ" አልኩት። አዎ፣ ነገርኩት።

"ያጎቴ ልጅ አዲሳባ ነው፤ ሾፌር ነው፤ ያውቅበታል" አለና ስልኩን አውጥቶ ፈንጠር አለ። ሲናገር ይሰማኛል፤ "ሰብለ ነው ስሟ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሽ ናት፣ ስትወጣ ጠብቃት" ይላል።

ያን ጊዜ ያደረግሁት ምን እንደሆነ ልብ ያልኩት በኋላ ነው። አቶ መኳንንት አባ አስረስን ያደረጓቸውን እኔ ባንድ ትንፋሽ የማላውቃትን ሴት አደረግኋት። እሳቸው በአውጫጭ የሠሩትን እኔ በመስኮት ጨረስኩት።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አባ አስረስ ናቸው። ገብተው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

"ልጄ፣ ምነው ሰው ላይ ፈረድክ?"

"አባቴ፣ ልኬዋለሁ እኮ! አንቱ ራስዎ ይዩት፣ ተልኳል ይላል።"

"የላክኸውን አምናለሁ። እሷም አልደረሰኝም ያለችውን ባምናትስ?"

"ሁለቱ እንዴት አብሮ ይሆናል?"

አባ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ፤ እንደ ታቦት ትንሽ ፈርተውታል። "እንዲያው አላዋቂ ነኝ፤ ልጠይቅህ። ይኸ ደብዳቤ ቀን አለው?"

"የምን ቀን?"

"የተጻፈበት ቀን ነዋ። እኛ ዘንድ ከቤተ ክህነት ደብዳቤ ሲመጣ ጸሐፊው መጀመሪያ የሚያየው ቀኑን ነው። የዛሬው ከላይ ይቀመጣል፤ ቀኑ ያለፈበት ከሣጥኑ ሥር ይገባል። ከሣጥኑ ሥር የገባውን ማን ያየዋል ልጄ?"

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ በኮምፒውተሩ ጥግ ያለችው ሰዓት ላይ አረፈ።

አንባቢዎቼ፣ ጸሐፊያችንን ደስ ላሰኝ ብዬ በአምስት ደቂቃ ያስተካከልኩት ምን እንደነበር አሁን ልንገራችሁ። የኮምፒውተሩን ቀን፣ ወርና ዓመት፣ ሰዓቱንም ሳይቀር ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሼው ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። የፈረንጁ አቆጣጠር ከእኛ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል። ኢሜይል ደግሞ ከሚወጣበት ኮምፒውተር ቀን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፎቶዎቼ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ግን የሰብለ ኮምፒውተር ስምንት ዓመት ያለፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው ብሎ ከክምሩ ሥር ቀብሯቸዋል። ለሪፖርቶቻችን መጥፋትም ተጠያቂው ኔትወርክ ሳይሆን ይበልጣል ነበር።

ስልኩን አነሣሁ። ሁለቴ አልገባም አለኝ። በሦስተኛው አነሣችው።

"ሰብለ፣ እባክሽ ወደ ታች ውረጂ! እስከ መጨረሻው፣ ከዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት ወዳሉት!"

"ምን?"

"እባክሽን እህቴ፣ ጊዜ የለም!"

የማውሷ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። አባ አስረስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አሥር ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

"ወይኔ!" አለች። "አሉ! ከሥር ተደርድረዋል። ቆይ ልክፈተው... ግዝቱ አለ... ጥልፉ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..."

አባ አስረስ የስልኩ ድምፅ ይሰማቸው ነበር። ከሷ ጋር አብረው በሹክሹክታ መቁጠር ጀመሩ። ሰባት ሲሉ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"ሰባት" አለች ሰብለ። "የእናንተው ነው። ሰውየው አይሄድም።"

ሰብለ ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ትዝ አለኝና እየሮጥኩ ወጣሁ። "ደሳለኝ! ደውልለት! መልሰው ያንን ሰው!"

ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ዝግ ነው። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ፊቱ ገረጣ፤ ያ ጅብ የማይፈራው ሰው "ይበልጣል፣ ሂድ ብዬዋለሁ እኮ" አለኝ። ሰብለን ላስጠነቅቃት ብደውል አልገባም አለኝ። ያቺን ግማሽ ሰዓት በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ሰብለ ከሥራ ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ፣ አንድ ሰው ከኋላዋ ሲመጣ እያየኋት ነበር፤ መልኳን ሳላውቀው። በስንተኛው እንደሆነ አላስታውስም፣ ስልኩ ጠራ። የአጎቱ ልጅ መንገድ ተዘግቶበት ገና መስቀል አደባባይ ነው። ደሳለኝ "ተመለስ" አለው። እኔ የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሰዉ ከበበኝ። "ምን ሆኖ ነበር?" አሉኝ።

ከኋላዬ የወጡትን የአባ አስረስን ዓይን አየሁት። እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ግን "ኔትወርክ ነበር፤ አሁን መጣ" አልኩ። ደሳለኝ አቅፎ ትከሻዬን ሳመኝ። አባ ዞር ብለው ወደ ዛፋቸው ሄዱ።

መንገደኛው ሲመረመር ደላላውን፣ ደላላው ሻጩን አወጣ። ሻጩ አቶ መኳንንት አልነበሩም፤ በአውጫጩ ላይ ከሳቸው ቀጥሎ የጮኸው ዘመዳቸው ነበር፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስመስሎ አሠርቶ ኖሯል። መጽሐፉ የተመለሰ ቀን እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። አቶ መኳንንት ያ ሁሉ ሕዝብ እያያቸው ትልቅ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው፣ በአባ አስረስ እግር ላይ ወደቁ። በእኛ አገር ሰው የበደለውን ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚለምነው። አባ ድንጋዩን አንሥተው ወረወሩና ሳሟቸው። እኔን ደግሞ "መጽሐፋችንን ከባሕር ማዶ አፋፍ የመለሰ" ብለው ነጭ ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢው ከዚያ ድንጋይ ይከብድ ነበር።

ስመለስ አባ አስረስ እስከ በሩ ሸኙኝ። ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ያቺ የአዲሳባዋ ልጅ፣ ደህና ናት?"

በሳምንቱ ሰብለ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። "ይቅርታ ልጠይቅህ ነው" አለችኝ። "ኢሜይሉን በጊዜው ባለማየቴ። እዚህም ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የደረሰ ማስረጃ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪቃረብ ሳይታይ ቆየ ብለው። እናንተን አስጨነቅኳችሁ።"

ይቅርታ የጠየቀችው እኔን ነው፤ እኔን። "ምንም አይደል" ብዬ ዘጋሁት። ምንም አይደል አልኳት!

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። ፍርሃቱ ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ ገና አሁን ነው የጀመረው። እንጀራዬ በዚያች ኮምፒውተር ነው፤ ስሜም በሷ ነው። እውነቱን ብጽፍ ሁለቱም ይሄዳሉ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሰሞኑን ወደ ፈረንጁ የመለስኩት የኮምፒውተሩ ቀን ልክ መሆኑን ማየት ነበር። ከዚያ ለሰብለ አለቆች ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ፣ የኔ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ። ለሷም ለብቻዋ ጻፍኩ፤ በዚያ መስኮት ምን ብዬ እንደጮኽኩና ማን ሊጠብቃት መንገድ ጀምሮ እንደነበር ሳልደብቅ። ግልባጩን ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በወሩ ወደ ዳባት፣ ኮምፒውተር ወደሌለበት መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ሰብለ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ተነሣ። እሷ ለኔ አልመለሰችልኝም፤ አልፈርድባትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ "ልኬያለሁ፣ ያልደረሰው በሌላው ጥፋት ነው" የምትሉበት ቀን ይመጣል። ኮምፒውተር ባይኖራችሁም ይመጣል። ያን ቀን የሰው ስም ከመጥራታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ከራሳችሁ ጥግ ያለችውን ሰዓት እዩ።

መዝገብ ቤት አሁንም ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። በዚያ ጠዋት የጻፍኳቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ቀን አትሞ አወጣቸው። በእስክሪብቶ ሰረዝኩትና የእኛን ቀን በእጄ ጻፍኩበት።